ምዕራፍ 9፦ ከፀሐይ ወደ ጎጆ የገባ ዓይን

በቀትር ፀሐይ ሲሄድ የቆየ ሰው ጎንበስ ብሎ ጎጆ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀበለው ጨለማ ነው። መደቡን ከምድጃው አይለይም፤ እጁን ዘርግቶ ግድግዳ እየዳሰሰ ይቆማል። ቀድመው የተቀመጡት ግን እሱንም፣ ስኒውንም፣ ጥግ ላይ የተኛውን ድመት ሳይቀር ያያሉ። ቤቱ ያው ቤት ነው፤ ልዩነቱ ያለው ዓይኑ ላይ ነው። የሰውየው ዓይን ለውጭው ብርሃን ራሱን አጥብቦ ስለቆየ ለቤቱ ብርሃን ገና አልተከፈተም። ይህ ምዕራፍ ለዓመታት ጫት ሲቅሙ፣ ወይም እንደ አምፌታሚንና ኮኬይን ያሉ አነቃቂ ዕፆችን ሲወስዱ ቆይተው ያቆሙ ሰዎች ላይ ስለሚወድቀው ድብርት ነው። ድብርቱ በአብዛኛው የዚህ ዓይን ጉዳይ ነው እላለሁ። ያቆመው ሰው «ዓለም ጨለመችብኝ» ሲል እውነቱን ነው፤ ስህተቱ «እንግዲህ ዓለም እንዲህ ናት» ብሎ መደምደሙ ላይ ነው።

የዚህ ስህተት ዋጋ ትልቅ ነው። አቁመው ከሚመለሱት ሰዎች ብዙዎቹን የሚመልሳቸው የምርቃናው ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ያለ ቅጠሉ የሚታየው ዓለም ግራጫ ሆኖ መቅረቱም ነው። ሰው ሐራራን ለተወሰኑ ቀናት ጥርሱን ነክሶ ያልፈዋል። መጨረሻው የማይታወቅ ግራጫ ግን ጥርስ በመንከስ አይታለፍም።

ቅጠሉ የሚነካት በር

በምዕራፍ 3 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) የሠራውን ሙከራ አይተናል። ዶፓሚናቸው የተሟጠጠባቸው ጥንቸሎች ጆሯቸውን ጥለው ፈዘው ቀሩ፤ አንጎል ወደ ዶፓሚን የሚቀይረውን ኤል-ዶፓ ሲወጉ ግን ተነሱ። ካርልሰን ከዓመታት በኋላ፣ በ2000፣ የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት አንዱ ሆነ። ያን ጊዜ የያዝነውን አንድ ነጥብ እዚህ እንፈልገዋለን፦ ዶፓሚንን «የደስታ ኬሚካል» ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ ዋና ሥራው ደስታ ማደል ሳይሆን «ይህ ነገር ይጠቅምሃል፤ ተነስ፣ ሂድበት» ማለት ነው። ዶፓሚን ሲያንስ ሰው የግድ አያለቅስም። መነሳት ያቅተዋል እንጂ።

አንድ ነርቭ ለጎረቤቱ መልእክት ሲልክ በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት ጥቂት ዶፓሚን ያፈሳል። ሥራው ሲያልቅ የፈሰሰውን መልሳ ወደ ጎተራው የምታስገባ ትንሽ በር አለች። ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል፤ በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የዕፅ ላቦራቶሪ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን ሥሪቱ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ካቲኖን በዚያች በር ገብቶ አቅጣጫዋን ይገለብጣል። ሰብሳቢ የነበረችው አፍሳሽ ትሆናለች፣ ጎተራው ወደ ውጭ ይደፋል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ወደ ደከመ ዘመዱ ይለወጣል፤ ነጋዴው ጫቱን በኮባ ጠቅልሎ፣ ውሃ እየረጨ፣ ከአወዳይ በሌሊት የሚያስከንፈው ለዚህ ነው። ኬሚስት ሳያስተምረው ገበያው ራሱ የደረሰበት እውቀት ነው።

አንጎል ግን በየቀኑ የሚደፋበትን ጎርፍ ዝም ብሎ አያይም። ዶፓሚንን የሚቀበሉትን ጆሮዎች ይቀንሳል፣ የራሱንም ምርት ይቆጥባል። ዓይን በፀሐይ ብሌኑን እንደሚያጠብበው ማለት ነው። መጥበቡ ጉዳት ሳይሆን መከላከያ ነበር። ችግሩ ፀሐዩ ድንገት ሲጠፋ ነው፤ የቡናው ሽታ፣ የልጁ ሳቅ፣ የወር ደመወዝ የሚያፈሱት ዶፓሚንም፣ የሚሰሙት ጆሮዎችም አንሰዋል።

«ጫት እኮ ቅጠል ነው፤ ከአምፌታሚን ጋር አታመሳስለው» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተቃውሞው መሠረት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2006 ጉዳዩን አይቶ የጫት ሱስ የማስያዝ አቅም ዝቅተኛ ነው ብሏል፤ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ይግባም አላለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ እየታኘከ ቀስ እያለ የሚገባ ነገር፣ በአንድ ትንፋሽ ተስቦ አንጎል ከሚደርስ ጭስ ጋር አይወዳደርም። የጠዋት ፀሐይና የቀትር ፀሐይ እንደማለት ነው። ሆኖም ኮሚቴው የመዘነው የአንድን ቅጠል አቅም ነው፤ እኛ የምናወራው ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመት፣ በየቀኑ፣ ግማሽ ቀኑን ስለቃመ ሰው ነው። በጠዋት ፀሐይም ቢሆን ዕድሜውን ውጭ ያሳለፈ ሰው ጎጆ ሲገባ ዓይኑ ይፈዛል። ከዚህ በታች የማነሳቸው አብዛኞቹ ጥናቶች በኃይለኞቹ ዕፆች ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ወደ ጫት ሳመጣቸው መንገዱን እንጂ ርዝመቱን እየተዋስኩ እንዳልሆነ አንባቢ ይያዝልኝ።

ዓይኑ ለመከፈት ስንት ጊዜ ይፈልጋል?

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቅርጻቸው የታወቀ ነው። ሰውየው ይተኛል፤ ነቅቶ ይበላል፤ መልሶ ይተኛል። ተበሳጭቶ ይውላል፣ እጅና እግሩን ይከብደዋል። ሌሊት ደግሞ ዱካክ ይመጣል፦ ገደል መውደቅ፣ መሮጥ አለመቻል፣ ደረት ላይ የተቀመጠ ነገር። በምዕራፍ 5 እንዳየነው አነቃቂዎች ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ያፍኑታል፤ ማፈኛው ሲነሳ ሕልሙ ውዝፉን ይዞ ይመጣል። ብዙ ሰው ዱካኩን ብቻ ፈርቶ በአራተኛው ቀን አንድ ዙርባ ይገዛል። ዱካክ የእንቅልፍ መመለሻ ምልክት መሆኑን አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ምናልባት አይገዛም ነበር። ሜታምፌታሚን ባቆሙ ሰዎች ላይ የተደረገ ክትትል እንደሚያሳየው ይህ ብርቱ ጊዜ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይቆያል፤ ቀለል ያለው ቅሪት ደግሞ ቢያንስ ሌላ ሁለት ሳምንት ይከተላል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን እንዲህ ቅርጽ የለውም፤ ስለዚህ የበለጠ ያሳስታል። እንቅልፉ ተስተካክሏል፣ የምግብ ፍላጎቱ መጥቷል፣ ዘመድ «ተመስገን ዳነ» ብሏል፤ እሱ ግን ምንም ነገር አይጥመውም። የአንጎል ፎቶ ያነሱ ተመራማሪዎች የደረሱበት እዚህ ላይ ይረዳናል። ኖራ ቮልኮውና ባልደረቦቿ በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ሜታምፌታሚን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሰዎችን ባቆሙ በስድስት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ከ12 እስከ 17 ወር ሲሞላቸው ደግሞ ሌላ ጊዜ አዩአቸው። የቆጠሩት ያችኑ ከላይ ያልኳትን ሰብሳቢ በር ነው። በመጀመሪያው ፎቶ በሮቹ ተመናምነው ነበር። በሁለተኛው፣ በሁለት የአንጎል ክፍሎች 19 እና 16 በመቶ ጨምረው ተገኙ። የእንቅስቃሴና የማስታወስ ፈተና ውጤታቸው ግን ያንኑ ያህል አልተከተለም። የተጠኑት ሰዎች አምስት ብቻ ነበሩ። በአምስት ሰው ሕግ አይወጣም፤ ነገር ግን እስከዚያ ጊዜ ብዙዎች «አንዴ የነደደ አንጎል አይመለስም» ይሉ ነበርና፣ ይመለሳል ለማለት አምስትም የራሱ ጉልበት አለው።

ምሳሌዬ የሚሰበርበትም ቦታ እዚህ ነው። ዓይን ጎጆ ውስጥ ለመልመድ ደቂቃዎች ይበቁታል፤ አንጎል ወራት ይፈልጋል። ዓይን ፀሐይን አይናፍቅም፤ አንጎል ግን ይናፍቃል። እናም በሦስተኛው ሳምንት «አሁንም አይታየኝም» የሚለው ሰው ደጅ ወጥቶ አንድ ቀን ብቻ ፀሐይ ሞቆ ቢመለስ፣ ጎጆው መልሶ ይጨልምበታል። ያን ጊዜ ያለፉት ሦስት ሳምንታት ምንም እንዳልሠሩ ይቆጥራል፤ ሠርተው ነበር።

«ያለሱ ሰው አልሆንም»

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፦ «ሳልቅም ይደብረኛል፤ ስቅም ሰው እሆናለሁ። እንግዲያው ጫት በሽታዬን ሲያክምልኝ ነበር ማለት ነው።» አመክንዮው ሲሰሙት ቀና ይመስላል። ከጎጆው የወጣው ሰውም «ውጭ አያለሁ፣ ውስጥ አላይም፤ ስለዚህ ፀሐዩ የዓይን መድኃኒቴ ነው» ቢል በዚያው አመክንዮ ትክክል ነው። የሚጎድለው አንድ ጥያቄ ነው፦ ውጭ ሳትወጣ በፊትስ ውስጥ ታይ ነበር?

ይህን የምለው ለማሸነፍ አይደለም፤ የአንዳንዱ ሰው መልስ «አላይም ነበር» ነውና። መቃም ከመጀመሩ በፊት፣ በአሥራ ስድስትና በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ወራት የፈጀ ጨለማ ያሳለፈ፤ እናቱ ወይም አጎቱ ተመሳሳይ ነገር ያሳለፉ፤ ጫቱን ያገኘው ያን ለመሸሽ የሆነ ሰው አለ። ሐኪሞች ተራ ድብርት ከሚሉት የሚለዩት፣ ድባቴ የሚባለው ሕመም ይህ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ምርመራ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ የሚለየው ታሪክና ጊዜ ነው። በሥነ አእምሮ ሕክምና የተለመደው ልኬት አንድ ወር ገደማ ነው። ዕፁ ከቆመ ከወር በኋላም ድብርቱ እንደከበደ ከቀጠለ፣ ወይም ከዕፁ በፊት እንደነበረ ታሪኩ ከመሰከረ፣ ራሱን የቻለ ድባቴ መሆኑ ይጠረጠራል። ወሩ ግን ቆጥሮ ዝም ማለቻ አይደለም። ሞትን የሚመኝ፣ ወይም እንዴት እንደሚሞት ማሰብ የጀመረ ሰው ወሩን አይጠብቅም፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል፣ እስከዚያም ብቻውን አይተውም። ካቆሙ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት እንዲህ ያለው ሐሳብ ድንገት ሊበረታ ይችላል።

ስምንት ሰዓት

ከቅጠሉ ጋር የሚኖር ሰው ቀኑ በሁለት ይከፈላል፦ ከስምንት ሰዓት በፊትና ከስምንት ሰዓት በኋላ። ምሳ ይበላል። ፍራሹ ይስተካከላል፣ እጣን ይጨሳል፣ ቴርሞሱ ሻይ ይሞላል፣ ለውዙ በሰሃን ይቀርባል። ኮባው ይፈታል። ቀይ ቀንበጡ በሁለት ጣት ይቀነጠስና ወደ ጉንጭ ይሄዳል፤ ገራባው ጎን ለጎን ይከመራል። አሥር ሰዓት ላይ በርጫው ይደምቃል፦ ፎቅ ይሠራል፣ ኩባንያ ይቋቋማል፣ የተጣላ ይታረቃል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ዝም ይላል። ከዚያ ጨብሲ ነው፣ ምርቃናውን በቢራ ወይም በአረቄ መስበር።

ይህን የዘረዘርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጫት ያቆመ ሰው ያቆመው ቅጠል ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ አራትና አምስት ሰዓት፣ አንድ ክፍል፣ ስድስት ጓደኛ፣ የሚጠብቀው ነገርም አቁሟል። ድብርቱ ከአንጎል ኬሚስትሪ ብቻ የመጣ አድርገን ካቀረብነው ግማሹን እንሳሳታለን። ጓደኞቹን ሁሉ በአንድ ቀን ያጣ ሰው በሕይወቱ ቅጠል ባይቀምስም ይደብረዋል። «ቅጠሉን ተው» የሚለው ምክር ለብቻው የሚከሽፈውም ለዚህ ነው፤ ስምንት ሰዓት በየቀኑ ባዶውን ይመጣል። ጨብሲውን ደግሞ ማንም አያነሳውም። ጫቱን ትቶ መጠጡን የቀጠለ ሰው፣ መጠጥ ራሱ ድብርት አምጪ ስለሆነ፣ ከጎጆው ውስጥ መስኮቱን እንደዘጋ ይቆጠራል። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ከሆነ ግን መጠጡን በአንድ ጊዜ ማቆም አደገኛ ነውና ሐኪም ሳያማክር አያድርገው።

ግድግዳውን እየዳሰሱ

ጎጆ ውስጥ የቆመው ሰው እስኪታየው ድረስ በሩ ላይ አይቆምም። ግድግዳውን እየዳሰሰ መደቡን ያገኛል፣ ይቀመጣል፤ ተቀምጦ ሳለ ይታየዋል። ያቆመው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ያደርጋል፦ «ስሜቴ ሲመለስ እሠራለሁ፤ ሲጥመኝ ሰው እጠይቃለሁ» ይላል። ዶፓሚን «ተነስ» የሚል መልእክት መሆኑን ካስታወስን፣ መልእክቱን መጠበቅ ለምን እንደማያዋጣ ግልጽ ነው። የሚጠበቀው ፖስተኛ ራሱ ታሟል።

በዩናይትድ ስቴትስ ኒል ጃኮብሰን የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1996 ባሳተመው ጥናት አንድ ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። በድባቴ የተያዙ 150 ያህል ሰዎች በሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን አስተሳሰብን በጥልቀት የሚመረምረውን ሙሉ ሕክምና አገኘ፤ ሌላው ከዚያ ከፊሉን፤ ሦስተኛው ደግሞ የዕለት ተግባርን በዕቅድ መመለስን ብቻ። ተነስቶ መታጠብ፣ ዕቃ መግዛት፣ ሰው መጠየቅ የመሰለውን። ይህ የመጨረሻው፣ ቀላሉ ሕክምና፣ ከሙሉው አላነሰም። ፍላጎት ከሥራ በፊት መምጣት እንዳለበት ለሚያምን ሰው ይህ ግር የሚል ውጤት ነው። «ሳይፈልጉ ማድረግ ማስመሰል አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ሳይርበው የሚበላ ሕመምተኛን ግን አስመሳይ የሚለው የለም።

ሰውነትን ማንቀሳቀስ ለብቻው ይነሳል። በሎስ አንጀለስ ሜታምፌታሚን ያቆሙ 135 ሰዎች በመታከሚያ ተቋም ሳሉ ግማሾቹ ለስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ስፖርት ሠሩ፤ ሌሎቹ በዚያው ሰዓት የጤና ትምህርት ተከታተሉ። የስፖርተኞቹ ድብርትና ጭንቀት ይበልጥ ቀነሰ፤ ብዙ ጊዜ የተገኙት ደግሞ ይበልጥ ተጠቀሙ። ስፖርት ቤት አያስፈልግም፤ ፈጣን የእግር መንገድም ያው ነው። ሰዓቱን ግን እኔ ልምረጥ ቢባል ስምንት ሰዓትን እመርጣለሁ።

የደከመ ዓይን ሩቅ አያይም። «በዓመቱ መጨረሻ ትድናለህ» የሚለው ተስፋ ለዚህ ሰው ከተራራ ማዶ ያለ ነገር ነው። በቬርሞንት ስቲቭን ሂጊንስ የተባለው ተመራማሪ ኮኬይን ለማቆም ለሚታከሙ ሰዎች በየምርመራው ከዕፅ ነጻ መሆናቸው ሲረጋገጥ ወዲያው ዕቃ የሚገዛ ኩፖን ሰጠ። በ1994 በወጣው ውጤት ኩፖን ከሚያገኙት 75 በመቶው 24ቱን ሳምንት ሲጨርሱ፣ ካላገኙት የጨረሱት 40 በመቶ ነበሩ። «ግዴታውን ለተወጣ ጉቦ» ብለው የተቆጡ አልጠፉም። ጉዳዩ የሥነ ምግባር ሳይሆን የርቀት ነው፤ ሽልማቱ እጅ በሚደርስበት ቦታ ተቀመጠ እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም። እዚህ አገር ኩፖን የሚሰጥ ክሊኒክ መጠበቅም አያስፈልግም። የጫቱን የዕለት ወጪ ቆጥሮ በዕለቱ ዕቁብ የሚጥል ሰው ያንኑ ዘዴ በራሱ ገንዘብ ይሠራዋል፤ ዕጣው ሲወጣ የሚይዘው የሚዳሰስ ነገር ነው።

መብራት የሚያስፈልገው ቤት

እስከ አሁን ያልኩት ሁሉ ዓይኑ ለጠበበበት ሰው ነው። ቤቱ ራሱ የጨለመበት ሰው መብራት ያስፈልገዋል። ራሱን የቻለ ድባቴ እንደ ፍሉኦክሰቲን ባሉ መድኃኒቶችና በንግግር ሕክምና ይታከማል። መድኃኒቱ ለውጥ እስኪያሳይ ሳምንታት ይወስዳል፤ «ሦስት ቀን ውጬው ምንም የለም» ብሎ መጣል አይገባም። በአንጻሩ የአነቃቂ ዕፅ ሱስን ራሱን ይፈውሳል ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም፤ ሁለቱን ማደባለቅ ብዙ ሰው መድኃኒቱን «አልሠራም» ብሎ እንዲጥለው አድርጓል። ለሐኪሙ ጫቱንም መጠጡንም በትክክለኛው መጠን መንገር የሕክምናው ግማሽ ነው። ጸበል የሚጠመቅ ወይም ዱዓ የሚያስደርግ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ አለበት የሚል አስተሳሰብ ግን ብዙ ጉዳት አድርሷል። ጸበሉ ከሚሰጠው አንዱ፣ ማንም ሳይክድ፣ በማለዳ መነሻ ምክንያትና አብሮ የሚሄድ ሰው ነው፤ ክኒኑ ያንን አይቀማውም።

ቀድመው የተቀመጡት

በሁለተኛው ወር ገደማ ቤተሰብ ውስጥ የምትነገር አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «እሱ እኮ ሲቅም ይሻል ነበር።» የሚናገሯት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሲቅም ይጫወት ነበር፣ ይስቅ ነበር፣ ለልጆቹ ታሪክ ያወራ ነበር፤ አሁን ግድግዳውን እያየ ይውላል። ሚስቱ ወይም እናቱ ያነጻጸሩት የአሥር ሰዓቱን ሰውየ ከዛሬው ጋር ነው፤ የማታውን፣ ጨብሲ ላይ ያለውን፣ የወር ደመወዙን የጨረሰውን ረስተውታል። ዓረፍተ ነገሯ በጆሮው ከደረሰች ግን ማንም ሻጭ የማይሠራውን ሥራ ትሠራለች።

ቤተሰቡ ሊያደርግ የሚችለው ብዙም ረቂቅ አይደለም። «ምን ሆንክ? ተጫወት እንጂ» እያሉ ያልመጣን ስሜት መጠየቅ እንደ ፈተና ይከብደዋል። በስምንት ሰዓት ቡና አፍልቶ አብሮ መቀመጥ፣ ዕቃ አንሳልኝ ብሎ ማዘዝ፣ ገበያ አድርሰኝ ማለት ይሻላል። ውጤቱንም «አሁን ደስ አለኝ» በሚል ቃል መጠበቅ አይገባም፤ እንዲህ ያለው ቃል በአብዛኛው አይመጣም። የሚመጣው በትንሹ ነው፣ ብዙውን ጊዜም በቅሬታ መልክ። ለወራት የተሰጠውን ሳይለይ ሲጠጣ የኖረው ሰው አንድ ቀን ስኒውን ከአፉ ያወርድና «ይሄ ቡና ምን ነክቶታል? ቀጥኗል» ይላል።